የስፔን መሐንዲሶች የክብር ሰይፍ፦ የየትኛውን ዘመን ልግዛ?

የስፔን ሲቪል መሐንዲሶች በክብር ልብሳቸው ላይ የሚታጠቁት ቀጭን ሰይፍ ኤስፓዲን ይባላል። ለመግዛት ካሰባችሁ ከብረቱ በፊት እጀታውን እዩ። ሰይፍ ሲባል የሰው ዓይን ቶሎ ወደ ስለቱ ይሄዳል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ በሰይፍ ሥራዋ የታወቀችውን የስፔን ከተማ ስም ጠርተው «የቶሌዶ ብረት ነው» እያሉ ዋጋ ይቆልላሉ። የቶሌዶ ብረት ያለው ሰይፍ ግን ሞልቷል። ኤስፓዲኑን የመሐንዲስ የሚያደርገው የእጅ መከላከያው ላይ ያለችው ትንሽ አርማ ናት። እሷ ከሌለች የያዛችሁት የማንኛውም የመንግሥት ሹም ሰይፍ ሊሆን ይችላል፤ የመሐንዲስ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

መጀመሪያ ባለቤቶቹን እንወቅ። ስፔን ውስጥ የመንገድ፣ የቦይና የወደብ መሐንዲሶች የሚባል የመንግሥት ጓድ አለ። መነሻው 1799 ነው፣ በንጉሥ ካርሎስ 4ኛ ዘመን (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አጉስቲን ደ ቤታንኩር ፓሪስ ተምሮ ተመለሰና በ1802 ማድሪድ ላይ የጓዱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤቱ ግን ዕድሜው የተቆራረጠ ነው። በ1808 በናፖሊዮን ወረራ ተዘጋ። በ1821 ተከፈተ፤ በ1823 እንደገና ተዘጋ። ተረጋግቶ የቀጠለው ከ1834 ወዲህ ነው። ይህን ታሪክ ማወቅ ለገዢ ገንዘብ ያድናል። ከ1834 በፊት የነበሩት መሐንዲሶች በጣም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይሄ የ1810 የመሐንዲስ ሰይፍ ነው» ካላችሁ ጠንካራ ማስረጃ ጠይቁ። ማስረጃ ከሌለው አመስግናችሁ ሂዱ።

እነዚህ ሰዎች ወታደር አልነበሩም። ሰይፉንም ለውጊያ አልያዙትም። የመንግሥት ጓድ አባል ነበሩና የደንብ ልብስ ነበራቸው፤ ሰይፉ የልብሱ ክፍል ነው። ንግሥት ፊት ሲቀርቡ፣ ድልድይ ሲመረቅ፣ ቦይ ሲከፈት ይታጠቁታል። ሰኔ 24 ቀን 1858 ከሎዞያ ወንዝ የመጣው ውኃ ማድሪድ ሲገባ ንግሥት ኢሳቤል 2ኛ በተገኙበት በሳን ቤርናርዶ መንገድ ላይ ውኃው ወደ ሰማይ ተረጭቶ ነበር። ሥራውን የመራው ሉሲዮ ዴል ባዬ የዚሁ ጓድ መሐንዲስ ነው። ኤስፓዲን ለእንዲህ ዓይነት ቀን የተሠራ ዕቃ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ስወደው የኖርኩት። ሰው ሳይገደልበት፣ ውኃና መንገድ ላመጡ ሰዎች ክብር የተሠራ ሰይፍ ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ።

የኢሳቤል 2ኛ ዘመን (1833–1868)

የሥራ ጥራቱ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ዋናው ምክንያት የወርቅ ቅቡ ነው። በዚያ ዘመን ናስን ወርቅ የሚያለብሱት በአሮጌው ዘዴ ነበር። ወርቁን በሜርኩሪ ያሟሙታል፣ ናሱን ይቀቡታል፣ ከዚያ ያግሉታል። ሜርኩሪው ይተናል፤ ወርቁ ይቀራል። ለሠራተኛው ጤና መርዝ ነበር። ውጤቱ ግን ወፍራምና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ወርቅ ነው። ከ150 ዓመት በኋላም በቅርጹ ጎድጓዳ ቦታዎች ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። በኤሌክትሪክ የሚለብጠው ዘዴ በ1840ዎቹ አውሮፓ ውስጥ መስፋፋት ጀመረ። ስለዚህ የዚህ ዘመን ዕቃ ሁለቱንም ዓይነት ሊሆን ይችላል። ወፍራሙን ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

እጀታው በዛጎል ቅርፊት ለብጦ፣ ወይም በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ናስ ሆኖ ይመጣል። የዛጎሉ ቅርፊት ሲያምር ሌላ ነው፤ ብርሃን ሲነካው ይለዋወጣል። ችግሩ መሰንጠቁ ነው። ከጉልላቱ (ከእጀታው አናት) አጠገብ ያለውን ጠርዝ በደንብ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ከዝሆን ጥርስ የተሠራ እጀታ ካቀረቡላችሁ ግን ቆም በሉ። የአውሮፓ ኅብረትም አሜሪካም የዝሆን ጥርስ ንግድ ላይ ጥብቅ ሕግ አላቸው። ያለ ወረቀት ድንበር ለማሻገር ከሞከራችሁ ዕቃው ሊወረስ ይችላል። የዛጎሉ ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም።

የዚህ ዘመን ዕቃ ድክመቱ አፎቱ ነው። አፎቱ ጥቁር ቆዳ ነው፣ አፉና ጫፉ ናስ። ቆዳው ሲደርቅ ያጥራል፤ ከዚያ መሃል ላይ ይሰበራል። ብዙዎቹ ያለ አፎት የሚሸጡት ለዚህ ነው። አፎት የሌለው የኢሳቤል ዘመን ሰይፍ በርካሽ ካገኛችሁና ዕቃው ንጹሕ ከሆነ መጥፎ ግዢ አይደለም። «አፎት በኋላ እፈልግለታለሁ» ብላችሁ ከሆነ ግን ተስፋ አታድርጉ። የሌላ ሰይፍ አፎት ልክ አይሆንም፤ ብረቱ ውፍረቱም ስፋቱም ይለያያል።

የአልፎንሶ 12ኛና የአልፎንሶ 13ኛ ዘመን (1874–1931)

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ምክሬ ይህ ነው። ከነአፎቱ የማግኘት ዕድላችሁ ይበልጣል። ጓዱ ትልቅ ሆኖ ነበር፤ የተሠራውም በዛ። ቅርብ ዘመን ስለሆነም የተረፈው ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ከመሐንዲስ ቤተሰብ እጅ በቀጥታ የሚወጣ ዕቃ ነው፤ የአያት ቤት ሲፈርስ ከቁም ሣጥን ይወጣል።

የወርቅ ቅቡ ስስ ነው። እጅ የሚነካቸው ቦታዎች ላይ፣ በተለይ ጣት የሚከልለው ቅስት ላይ፣ ወርቁ አልቆ ቢጫ ናሱ ይታያል። ይህ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ሰው በእጁ የያዘው ዕቃ መሆኑን ያሳያል። ብረቱ አንዳንዴ ኒኬል የለበሰ ነው። ኒኬሉ ያምራል፣ ዝገትም ይከላከላል። አንዴ መላጥ ከጀመረ ግን ማዳኛ የለውም፤ ከሥሩ ዝገቱ እየገፋ ያነሳዋል። የተላጠ ኒኬል ያለውን ሰይፍ ዋጋ አስቀንሱበት።

እዚህ ጋ አርማዋ ላይ ስላለው ዘውድ አንድ ነገር። ብዙ ሻጭ ዘውድ ስላለበት ብቻ «የኢሳቤል ዘመን ነው» ይላል። ዘውዱ ብቻውን ኢሳቤልን ከአልፎንሶ አይለይም፤ ሁለቱም ቡርቦን ከሚባለው አንድ ንጉሣዊ ቤት ናቸው። የሚለየው ብረቱ ላይ የተጻፈው ዓመት፣ የንጉሡ ስም ፊደል ካለ እሱ፣ እንዲሁም የቅቡ ዓይነት ነው። ሦስቱም ከተስማሙ ዕቃው አልተነካካም። እጀታው አንድ ዘመን፣ ብረቱ ሌላ ዘመን ከተናገሩ አንድ ሰው ሁለት ሰይፎች አገጣጥሟል ማለት ነው። እጀታው የኢሳቤል መስሎ ብረቱ ላይ 1895 ተጽፎ ብታገኙት፣ የሰይፉን ዕድሜ የምትቆጥሩት ከብረቱ ነው።

በመሃል ያሉት ዘመናት

በ1868 ኢሳቤል ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ ጊዜያዊ መንግሥት፣ ከጣሊያን የሳቮያ ቤት የመጣው ንጉሥ አማዴዎ፣ ከ1873 እስከ 1874 ደግሞ የመጀመሪያው ሪፐብሊክ መጡ። ሁለተኛው ሪፐብሊክ የመጣው በ1931 ነው። ሪፐብሊኮቹ የንጉሥ ዘውድ አልፈለጉም፤ በሁለተኛው ሪፐብሊክ አርማ ላይ የተቀመጠው ዘውድ የከተማ ቅጥር ቅርጽ ያለው ነው። የእነዚህ አጫጭር ዘመናት ኤስፓዲን ብርቅ ነው። ሰብሳቢ ካልሆናችሁ አታሳድዱት። ካጋጠማችሁም ዘውዱ የነበረበትን ቦታ በአጉሊ መነጽር እዩ። የሞረድ ጭረት ካለ አሮጌው ዘውድ ተፍቆ ነው። በዘመኑ የተፋቀ ከሆነ ራሱ ታሪክ ነው፤ ጭረቱም ከቀሪው ናስ እኩል ጠቁሯል። ጭረቱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ትናንት የተፋቀ ነው።

አርማዋን በቅርብ ስናያት

መከላከያው ብዙ ጊዜ የዛጎል ቅርጽ ያለው የናስ ሳህን ነው። አርማዋ መሃሉ ላይ ትቀመጣለች። ድልድይ አለ፣ መልሕቅ አለ፤ ዙሪያውን ቅጠላማ ዘንጎች ያቅፉታል፣ ከላይ ዘውድ። ድልድዩ ለመንገዱ፣ መልሕቁ ለወደቡ ነው።

በትክክለኛው ዕቃ ላይ የድልድዩ ቅስት ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ባለሙያ በመቅረጫ ብረት ሄዶበታል፤ የቅጠሎቹ ጅማት ሳይቀር ይታያል። ወርቁ የሚሳሳው ከፍ ባሉት ቦታዎች፣ ማለትም ዘውዱ አናት ላይና የድልድዩ ጀርባ ላይ ነው። ከቅጠሎቹ ሥር ግን አለ። ከሰይፍ ላይ ቅጂ ተወስዶ በቀለጠ ናስ የተገለበጠው ዕቃ እንዲህ አይደለም። ጠርዙ ደበዘዝ ይላል፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች አሉ፤ ቡናማው ጥቀርሻም ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። ጊዜ እንዲህ እኩል አያጠቁርም። ሻጩ ሩቅ ከሆነና በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ የዚህችን አርማ ፎቶ በጎን ብርሃን አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ምንም አያሳይም።

ከአርማዋ ጋር የሚምታቱ ዘመዶች አሉ። ሁለት መዶሻ የተጠላለፈበት ካያችሁ የማዕድን መሐንዲስ ነው። እሱም የራሱ ጓድ ያለው፣ በ1777 አልማዴን ላይ ከተጀመረ ትምህርት ቤት የሚወርድ የተከበረ ሙያ ነው። ግንብ ካያችሁ ደግሞ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲስ ነው፤ ያ ጓድ በ1711 የተቋቋመ ነው። ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ናቸው፤ ግን የምትፈልጉት አይደሉም። እኔ ብሆን በተመሳሳይ ዋጋ የማዕድኑን ካገኘሁ አላልፈውም። የስፔን መንግሥት የጋሻ ምልክት ብቻ ያለበት፣ ድልድይም መልሕቅም የሌለው ግን የተራ ባለሥልጣን ኤስፓዲን ነው። ገበያው ላይ ከሁሉም የበዛው እሱ ነው፤ «የመሐንዲስ» እየተባለ የሚሸጠውም እሱ ነው። ቤት ግድግዳ ላይ ለማየት ብቻ ከሆነ በተራ ዋጋው ግዙት፤ ያምራል።

ስለ ብረቱ

ብረቱ ቀጥ ያለና ቀጭን ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቶሌዶ ፋብሪካ ጽሑፍና ዓመተ ምሕረት ከእጀታው አጠገብ ካለው ጥሩ ምልክት ነው። ፋብሪካው በ1761 በካርሎስ 3ኛ ትእዛዝ የተመሠረተ ነው። ጽሑፍ ከሌለው ግን ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ለመላው አውሮፓ ብረት ትሸጥ ነበር። በእኛም አገር የዞሊንገን ብረት ያላቸው የምኒልክ ዘመን ጎራዴዎች አሉ። አንድ የማድሪድ ሰይፍ ሠሪ ከውጭ ብረት አስመጥቶ እጀታውን እዚያው ቢገጥም የሚገርም አይደለም።

ከብረቱ ይልቅ የእጀታውን አናት እዩ። በድሮው አሠራር የብረቱ ጅራት በእጀታው ውስጥ አልፎ ጉልላቱ ላይ ይወጣና በመዶሻ ተደፍጥጦ ይታሰራል። ያ የተደፈጠጠ ነጥብ ከጉልላቱ ጋር አብሮ የጠቆረ መሆን አለበት። አዲስ የመዶሻ ምት ካለበት እጀታው ተፈትቶ ተገጥሟል። እጀታውን ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ትንሽ መላላት ይፈቀዳል፤ ውስጡ ያለው እንጨት ከርሞ ስለሚደርቅ ነው። «አጠብቀዋለሁ» የሚላችሁን ሻጭ ግን እሺ አትበሉት። ያንን ነጥብ አንዴ ከመቱት ዕቃው የነበረበት ሁኔታ አይመለስም።

አዲሱ የቶሌዶ ሥራና የፈረንሳዩ አማራጭ

ቶሌዶ ዛሬም የሰይፍ ሱቅ ሞልቶባታል። ትልቁ ፋብሪካ ግን በ1990ዎቹ ተዘግቷል፤ ሕንጻው አሁን የካስቲያ ላ ማንቻ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጠው የግል ወርክሾፕ ሥራ ነው። መጥፎ ነው አልልም። ልጃችሁ በምሕንድስና ተመርቆ ስጦታ ልትሰጡት ከሆነ አዲሱ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ቶሎ አይዝግም፣ የቅርስ መውጫ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ቢወድቅ አያስለቅስም። እንደ ቅርስ ግን አትግዙት። ነገ ስትሸጡት የከፈላችሁትን ማግኘት ከባድ ነው።

የመሐንዲስ ሰይፍ እንጂ ስፔን መሆኑ ግድ የማይሰጣችሁ ካላችሁ ፈረንሳይን እዩ። በ1794 የተመሠረተው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተማሪዎቹ ዛሬም ሰይፍ ይታጠቃሉ፤ በሐምሌ 14 ሰልፍ ላይ ይዘውት ይታያሉ። «ታንዣንት» ይሉታል። አሁንም ስለሚሠራ ማግኘቱ ይቀላል፣ ማረጋገጡም እንዲሁ። የስፔኑ ግን ከሥራው ጋር ያለው ትስስር ለእኔ ይበልጥብኛል። የፈረንሳዩ የትምህርት ቤት ሰይፍ ነው፤ የስፔኑ መንገዱን የሠራው ሰው ሰይፍ ነው።

ስለ ታዋቂ ስሞች

ከዚህ ጓድ ትልልቅ ሰዎች ወጥተዋል። ባርሴሎናን ያሰፋው ኢልዴፎንስ ሰርዳ የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ደጋግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሳጋስታም እንዲሁ። በ1904 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተካፈለው ኾሴ ኤቼጋራይም ከዚያው ነው። ስለዚህ ሻጭ «ይሄ የኤቼጋራይ ነበር» ብሎ ሊያማልላችሁ ይችላል። ከሰይፉ ጋር የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የውርስ ዝርዝር ወይም ባለቤቱ ታጥቆት የተነሳው ፎቶ ካልመጣ ስሙን ከዋጋው ውስጥ አውጡት። ፎቶ ቢመጣም እጀታውን ከፎቶው ጋር አመሳክሩ።

ስሙ ያልታወቀ የአንድ ክፍለ ሀገር መሐንዲስ ሰይፍ ከነሹመት ወረቀቱ ካገኛችሁ ግን አትለፉት። ያለ ወረቀት ከሚመጣ ታዋቂ ስም ይልቅ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

የት፣ እንዴት፣ በምን ወረቀት

ማድሪድ ለሚኖር ሰው የእሑዱ የኤል ራስትሮ ገበያ አለ፤ ዙሪያው ያሉት የአንቲክ ሱቆች ደግሞ በሥራ ቀንም ክፍት ናቸው። ከቤታችሁ ሆናችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ቶዶኮሌክሲዮን የተባለው የስፔን ድረ ገጽ ላይ ብዙ ይወጣል። ሰይፉን በእጅ ይዞ ማየትን የሚያህል ግን የለም። የጨረታ ቤት ከመረጣችሁ የገዢው ኮሚሽን ጨረታው ከቆመበት ዋጋ በላይ እንደሚጨመር አትርሱ።

ከስፔን ልታወጡት ከሆነ ሕጉን ቀድማችሁ እወቁ። በ1985 የወጣው የታሪክ ቅርስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ከአገር ሲወጣ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የ1890 ሰይፍ ይህ ይመለከተዋል። ፈቃዱን ሻጩ እንዲያወጣ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ልመና ነው። እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ፣ በ2008 የመጣው እገዳ የሚመለከተው 50 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጠማማ ሰይፍን ነው፤ ኤስፓዲን ቀጥ ያለ ስለሆነ አይነካውም። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ የሚጫነው ካርጎ ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ለአየር መንገዱ ተነግሮ። አዲስ አበባ ይዛችሁ ልትገቡ ከሆነ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። ኤርፖርት ላይ «ጌጥ ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ቤት ካስገባችሁት በኋላ ናሱን በሚያብለጨልጭ ፖሊሽ አትወልውሉት። የቀረው ስስ ወርቅ በአንድ ከሰዓት ተጠርጎ ያልቃል፤ ዋጋውም አብሮት። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ብረቱን በጣም ስስ ዘይት ወይም ሰም ቀቡት፤ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ላብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዝገት ይተክላል። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ብረቱን ከቆዳ አፎቱ አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጧቸው፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛልና።